ጠበል የተረጨው ቦንዳ

እማዬ ስልኳን እንደያዘች ከሱቁ ደጃፍ ብቅ አለችና «የመጨረሻው ካፖርት ሄደ» አለችኝ። የደወለላት የደብረ ታቦር አውቶቡስ ረዳት ነው፤ እሽጉን ጭኖታል። እኔ የደብተር ቦርሳዬን እንዳነገትሁ መካነ ኢየሱስ ዋና መንገድ ላይ ዘለልሁ፤ ሰው አየኝ አላየኝ ብዬም አልተጨነቅሁ። ቦንዳው አለቀ ማለት ሱቃችን አይዘጋም ማለት ነበር።

ነገሩን ከመነሻው ልንገራችሁ። እናቴ ሰልባጅ ነጋዴ ናት። ከውጭ የሚመጣውን ልባሽ ልብስ ቦንዳ እንደታሰረ ትገዛና ፈትታ በነጠላ ትሸጣለች። ዘንድሮ ዐቢይ ጾም እየተጋመሰ ገዢ ጠፋ። እስከ ፋሲካ ካላለቀ ሱቁን ለባለቤቱ መልሳ፣ እኔን ይዛ ወገዳ የሚኖረው ወንድሟ ዘንድ እንደምትገባ ነገረችኝ። ትምህርት ቤቴን ልተው ነው ማለት ነው።

ያኔ ነው የክፍሌ ልጅ በስልክ የሚሸጥበትን ገበያ ያሳየችኝ። ሰው ያገለገለ ልብስ ፎቶ አንስቶ ይለጥፋል፣ የወደደ ይጠይቃል። እኔም ሹራቡንም ጃኬቱንም አጥር ላይ እየሰቀልሁ አነሳሁ። ከሥሩ ሌሎቹ እንደሚጽፉት «ኦርጅናል፣ የአውሮፓ፣ ምርጥ» እያልሁ ደረደርሁ። ማንም አልጠየቀኝም። አንዷ ብቻ «የሞተ ሰው ልብስ ነው ይሄ» ብላ ጻፈች።

ደሜ ፈላ። ማስታወቂያ መሆኑን ረሳሁትና ፊት ለፊቴ ለቆመ ሰው እንደምመልስ አድርጌ ጻፍሁ፦ «እኛ ቤት ቦንዳ ሲፈታ የነፍስ አባታችን መጥተው ጠበል ይረጩበታል። ከዚያ እናቴ ታጥበዋለች፣ ኪሱን ትፈትሻለች፣ የጎደለ ቁልፍ ትተክላለች። የዚህች ጃኬት አንዷ ቁልፍ የእኛ ናት፤ ከሌሎቹ ትንሽ ትጠቁራለች።»

ሳቁ ወረደብኝ። አንዱ ጃኬቷ ክርስትና ከተነሣች ስሟን ማን አላችኋት አለኝ። አፍሬ ስልኩን ዘጋሁት።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ብከፍተው ከሳቁ ሥር ጥያቄ ተደርድሯል። አንዲት እናት ለልጇ ሹራብ ፈልጋ እውነት ታጥቧል ወይ ትላለች። ሌላዋ ሰልባጅ የምትፈራው ማን እንደለበሰው ስለማታውቅ ነበርና በጠበሉ ልቧ አርፏል። ባለ ጥቁር ቁልፏ ጃኬት ከሁሉ ቀድማ ተሸጠች።

እማዬ ግን ስትሰማ ደነገጠች። ጠበል መሸጫ አደረግሽው ብላ እጄን ይዛ አባ ዘንድ ወሰደችኝ። የጻፍሁትን አነበብሁላቸው። እሳቸውም ጠየቁኝ፦

«በጠበሉ ዋጋ ጨምረሽበታል?»

«የለም፣ አባ።»

«እንግዲያ ያየሽውን ነው የጻፍሽ። ቀጥዪ። ብቻ ያልረጨሁትን ተረጨ እንዳትዪብኝ ልጄ፤ የአገሩን ቦንዳ ሁሉ የምዞርበት ጉልበት የለኝም።»

እማዬ መንገዱን ሁሉ እየሳቀች ተመለሰች። ከዚያ ወዲያ እሷ ስትሰፋ እኔ አጠገቧ እጽፋለሁ። እጅጌው የሳሳውን ሳስቷል፣ ቀለሙ የለቀቀውን ለቋል እያልሁ፤ ይህ ካፖርት ለእኛው አገር ለእስቴ ብርድ እንጂ ለባሕር ዳር አይሆንም እያልሁ። ሳይገዙ ለማንበብ ብቻ የሚመጡ ሰዎች አገኘሁ። ለካ መጻፍ እችላለሁ! ትልቅ ቃል ስደረድር ዘወር ብሎ ያላየኝ ሰው፣ እንደ እናቴ ስናገር ጆሮውን ሰጠኝ።

ይኸው ቦንዳው ፋሲካ ሳይደርስ አለቀ። ወገዳም ለጥየቃ ካልሆነ አንሄድም። እማዬ ደግሞ እንዲህ ብለሽ ጻፊልኝ ብላኛለች፤ ሳልጨምር ሳልቀንስ አስተላልፋለሁ፦

«ወገዳም ሁኑ አርብ ገበያ ከተማ፣ ሰልባጅ ዘርግታችሁ ገዢ የጠፋባችሁ እናቶች ኑ። ፎቶውን ልጄ ታነሳላችኋለች። ስለ ልብሱ ግን እናንተው ንገሯት፤ ቀዳዳም ካለው አትደብቋት። ቤታችን ሰፊ ነው፣ ቁጭ ብለን አብረን እንጽፈዋለን።»