ሃምሳ አለቃ የፈጠሩት ጉድጓድ

ሃምሳ አለቃ ሰው የሚገድሉት ሐሙስ ሐሙስ ነበር። ከሰዓት በኋላ የትየባ ሱቄን በር በትከሻቸው ገፋ አድርገው ይገባሉ፤ በእጃቸው የጻፉትን ወረቀት ከኮታቸው ውስጥ አውጥተው ከኮምፒውተሬ አጠገብ ያስቀምጣሉ፤ ከዚያ ለደንበኛ ባኖርኩት የፕላስቲክ ወንበር ላይ ቀኝ እግራቸውን ዘርግተው ይቀመጣሉ። ጉልበታቸው አይታጠፍም።

«ዛሬስ ማንን ገደሉ?» እላቸዋለሁ።

«ፋርማሲስቱን።»

«ውይ! እሱን እኮ ወድጄው ነበር።»

«ስለወደድሽው ነዋ የሞተው። የማይወደድ ሰው ቢጠፋ ማን ብሎ ይፈልገዋል ዳኛዬ?»

ዳኛዬ የሚሉኝ ስተይብ ፊቴን እያዩ በገጹ ላይ ስለሚፈርዱ ነው። ግንባሬን ከቋጠርኩ ያንን ገጽ ወዲያው ይሰርዙታል። እኔ ደግሞ አንዳንዴ ግንባሬን የምቋጥረው መነጽሬ ስለደከመ ነበር። ይህን ነግሬያቸው አላውቅም።

በወጣትነታቸው ሠራዊት ውስጥ የመገናኛ ሰው ነበሩ። ሥራቸው በጦር ሜዳ ስልክ ጫፍ ላይ ተቀምጦ የሰሙትን ለአዛዥ መንገር ነው። ጉልበታቸው ከተመታ በኋላ ተሰናብተው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የሲሚንቶ መጋዘን ጠበቁ። የወንጀል ልብ ወለድ ማንበብ የጀመሩት እዚያ ጥበቃ ቤት ውስጥ ነው፤ የጭነት መኪና ሾፌሮች አንብበው የጣሉትን ያነቡ ነበር። አንድ ቀን የመጨረሻ ገጾቹ የተቀደዱ መጽሐፍ ደረሳቸው። ቢያስቡ ቢያስቡ እረፍት አጡ፤ መጨረሻውን ራሳቸው ጻፉት። ባለቤታቸው አነበቡና «ከተቀደደው ይሄ ይሻላል» አሏቸው። «የተቀደደውን መቼ አየሽው?» ቢሏቸው፣ «ጥሩ ቢሆን ኖሮ ማን ይቀደው ነበር?» ብለው መለሱ። እኒህ ሴት የመጀመሪያው መጽሐፍ ታትሞ ሳያዩ አረፉ። ነፍስ ይማር።

የሃምሳ አለቃ መጻሕፍት ከሌሎች የሚለዩበት አንድ ነገር አላቸው። ገዳዩ ገና በመጀመሪያ ምዕራፎች ይታወቃል። እስከ መጨረሻው ገጽ የሚፈለገው አስከሬኑ ነው። አሳታሚው በዚህ በጣም ጨቅጭቋቸው ነበር።

«ሃምሳ አለቃ፣ ገዳዩን ቀድመው ከነገሩን አንባቢ ምን ብሎ ገጽ ይገልጣል?»

«ገዳይ መች ጠፍቶ ያውቃል?» አሉት። «የሚጠፋው ሟቹ ነው።»

አሳታሚው ተሸነፈ፤ አንባቢም ወደደላቸው። በሁሉም መጻሕፍታቸው መጨረሻ ላይ ሟቹ ይገኛል፤ ቤተሰቡ መጥቶ ያየዋል፤ ያለቅሳል፤ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሌላ ምንም አይጨመርም። እኔም እነዚያን የመጨረሻ ገጾች ስተይብ ደስ ይለኝ ነበር። የሰው ልጅ ለቅሶውን አልቅሶ ወደ ቤቱ ሲገባ ማየት ቀላል በረከት አይደለም።

በሦስተኛው መጽሐፍ ውስጥ ሟቹ አንድ ልማድ አለው። ዳቦ ሲሰጡት ልቡን ይበላና ቅርፊቱን ኪሱ ይከታል። ከጡብ ፋብሪካ ጀርባ ካለ ደረቅ ጉድጓድ ሲያወጡት የሚለዩት ኪሱ ውስጥ በተገኘው የዳቦ ፍርፋሪ ነው።

«ይሄ ልማድ ከየት መጣ?» አልኳቸው እየተየብኩ።

«ከሰው ነው» አሉና ወደ መንገዱ ዞሩ። ግንባሬን አልቋጠርኩም፤ ገጹ እንዳለ ታተመ።

መጽሐፉ በወጣ በጥቂት ወራት ቤተ መጻሕፍቱ አንባቢዎችን ጠርቶ ከእሳቸው ጋር አገናኛቸው። ወንበሩ ሞልቶ ሰው መስኮት ደፍ ላይ ተቀምጧል። ሃምሳ አለቃ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሰው፣ ማይኩን እንደ ስልክ ከጆሯቸው አጠገብ ይዘውታል። አንድ የአውቶቡስ ሾፌር ተነስቶ፣ «በእርስዎ ምክንያት ፌርማታ አልፌ ተሳፋሪ ሰድቦኛል» አላቸው።

«እየነዱ ነው እንዴ የሚያነቡት?»

«ኧረ እያሰብኩ ነው! ሟቹ የት ይሆን እያልኩ!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸውም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። እንደዚያ ሲስቁ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

ከኋላ ረድፍ አንዲት ፀጉሯ የሸበተ ሴት ተነሳች። መጽሐፉን በፌስታል ጠቅልላ በሁለት እጇ ይዛዋለች።

«ሃምሳ አለቃ፣ ጉድጓዱ የትኛው ነው?»

«የቱ ጉድጓድ እህቴ?»

«ሟቹ የተገኘበት። ከከተማ መውጫ ካለው ጡብ ፋብሪካ ጀርባ ሄጄ አስቆፍሬ ነበር። ቆርቆሮና ስብርባሪ ጡብ ብቻ ነው የወጣው። ምናልባት ሌላ ጡብ ፋብሪካ ይሆን ብዬ ነው።»

ፊት ያሉት ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። እሷ ግን መልስ እየጠበቀች ቆማለች።

«ልብ ወለድ እኮ ነው እህቴ» አሉ ሃምሳ አለቃ።

«ቅርፊቱም ልብ ወለድ ነው? ወንድሜ ቅርፊቱን የሚያስቀምጠው ለእኔ ነበር። ትንሽ ሆኜ ሌላውን እምቢ እላለሁ፣ ቅርፊቱን ብቻ ነበር የምበላው። ወታደር ቤት ከገባ በኋላ ግን ለማን እንደሚያስቀምጥ እንጃ።»

ሃምሳ አለቃ ማይኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ጉልበታቸውን ረስተው ሊነሱ ሞከሩና መልሰው ወንበሩ ላይ ወደቁ። የዚያን ቀን ሌላ ጥያቄ አልተጠየቀም።

በማግስቱ ሁለቱ የተገናኙት እኔ ጋ ነው። በሩን ዘጋሁላቸው። ሃምሳ አለቃ እስከዚያ ቀን ለማንም ያልተናገሩትን ነገሯት። ወንድሟ ሽቦ ጠጋኝ ነበር። የስልኩ መስመር በመድፍ ሲበጠስ፣ አንዱ ሽቦውን በእጁ እየዳሰሰ የተቆረጠበትን ይፈልጋል፤ ሌላው ስልኩ ጋ ይጠብቃል። ያን ቀን የጠበቁት እሳቸው ነበሩ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ስልኩ ተንጫረረ።

«‹ይሰማል?› አለኝ። ‹ይሰማል› አልኩት። ‹መጣሁ› አለ።» ሃምሳ አለቃ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አሻሹ። «መስመሩ ደህና ነበር። እሱ አልመጣም። ፈለግነው። ከዚያ ቦታውን ልቀቁ ተባልን።»

«ከቤት ሲወጣም እንደዚያው ነው ያለኝ» አለች። «‹መጣሁ› ብሎኝ ነው የወጣው።»

ፊቷን ልትታጠብ ግቢው ቧንቧ ጋ ስትወጣ ጠጋ አልኳቸው። እኔ ሰው ተስፋ ሲቆርጥ ማየት የማልችል ሰው ነኝ።

«ሃምሳ አለቃ፣ አንድ ቦታ ይንገሯት። ዛፍ ሥር ይበሉ፣ ኮረብታ ላይ ይበሉ። አልቅሳ ትረፍ። እግዚአብሔርም የሚቀየም አይመስለኝም።»

ወንበራቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

«ዳኛዬ፣ ስልክ ላይ የተቀመጠ ሰው ያልሰማውን ሰማሁ ካለ፣ ከኋላው ያለው ሁሉ ያልቃል። እኔ በዕድሜዬ ያልሰማሁትን ተናግሬ አላውቅም። በመጽሐፍ ብቻ ነው የተናገርኩት። በመጽሐፍ የተናገርኩት ደግሞ ይኸው ጉድጓድ አስቆፈረ።»

ሴትየዋ በሩ ላይ ቆማ ሰምታ ኖሯል። ፊቷ ገና ውኃ ያንጠባጥባል።

«ለማያውቁት ሰው ሁሉ ሬሳ ፈልገው ያገኛሉ» አለች። «ለእኔ ሲሆን ነው የጠፋብዎት?»

መጽሐፏን ከጠረጴዛዬ ላይ አንስታ ወጣች።

ከዚያ ወዲህ ሃምሳ አለቃ አንድ ገጽ አላመጡልኝም። አራተኛው መጽሐፍ ተጀምሮ ነበር፤ ገዳዩ ታውቋል፤ ሟቹ ግን አልገኝ አላቸው። «የትም ባኖረው ሄዳ ታስቆፍረዋለች» አሉኝ አንድ ቀን። አሳታሚው ይደውልልኛል፤ አንባቢዎች መጨረሻውን ይጠብቃሉ ይለኛል። ሾፌሩም በመስኮት ብቅ ብሎ «አልተገኘም እንዴ?» ብሎኝ ያልፋል። አልተገኘም እለዋለሁ።

ሴትየዋ መፈለጓን አልተወችም። ቅርፊቱ እውነት ከሆነ ጉድጓዱም እውነት ነው ትላለች፤ ጦር ሜዳው ከዚህ ሩቅ ነው ብንላትም አትሰማም። እሳቸው እንደሚያውቁት፣ ግን እንደረሱት ነው የምታስበው። ደረቅ ጉድጓድ አለ በተባለበት ሁሉ ቆፋሪ ይዛ ትሄዳለች፤ ሃምሳ አለቃም ያንን የማይታጠፍ ጉልበት እየጎተቱ አብረዋት ይሄዳሉ። እዚያ ምንም እንደሌለ ከማንም በላይ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።

«ታዲያ ለምን ይለፋሉ?» አልኳቸው።

«ብቻዋን ከምትቆም ብዬ ነው» አሉ።

አንድ ሐሙስ ሱቄን ዘግቼ አብሬያቸው ሄድኩ። ቦታው ጣሪያው የተገፈፈ የጡብ ምድጃ አጠገብ ነው። ቆፋሪው ገመድ ይዞ ወረደ። የገመዱን ጫፍ ሃምሳ አለቃ ወገባቸው ላይ አዙረው ይዘውታል። ሴትየዋ ከአፋፉ ፈንጠር ብላ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች፤ ወደ ውስጥ አታይም። መጽሐፉ በፌስታሉ ውስጥ ጭኗ ላይ ነው። እኔ ልቤ ውስጥ እጸልያለሁ፤ ምን ብዬ እንደምጸልይ ግን ግራ ገባኝ። ይገኝ ልበል ወይስ አይገኝ?

የቆፋሪው ድምፅ ከታች መጣ።

«ምን አለ?» አለች ሴትየዋ። ስትጠይቅ ወደ ጉድጓዱ አልዞረችም፤ የምታየው እሳቸውን ነው።

ሃምሳ አለቃ ጎንበስ ብለው አዳመጡ።

«አፈር ነው አለ።»

«ሌላስ?»

«ከአፈሩ ሥር ድንጋይ ነው አለ። ከዚህ በላይ አይሄድም አለ።»

«ሌላ ምንም አላለም?»

ደግመው አዳመጡ። ፊታቸውን አየሁት፤ አንድ ቃል ቢጨምሩ ምን ነበረበት አልኩ በሆዴ።

«ሌላ ምንም አላለም እህቴ።»

ቆፋሪው ወጥቶ ልብሱን አራገፈ። ሴትየዋ ተነስታ ቀሚሷን አስተካከለች፤ «ከወንዙ ማዶ አንድ ሌላ ጉድጓድ አለ ይላሉ» አለች። ሃምሳ አለቃ ገመዱን በመዳፋቸውና በክርናቸው መካከል እያዞሩ ይጠቀልሉታል፤ በእያንዳንዱ ዙር በአውራ ጣታቸው እየዳሰሱ፣ የተበጠሰ ቦታ እንደሚፈልግ ሰው።