በዛወርቅ የሰፋችው የብስክሌት ኮሮጆ

በዛወርቅ ዘመሮ ከተማ ውስጥ ልብስ ሰፊ ናት። ባሏ አወቀ ደግሞ በብስክሌት ገበያ ለገበያ እየዞረ የሻይ ብርጭቆ፣ መስታወትና ሳሙና ይሸጥ ነበር። ሌሎቹ ቸርቻሪዎች «ሱቅ በደረቴ» ሲባሉ፣ እሱን «ሱቅ በብስክሌት» ይሉታል። ሲሉት ይስቃል። ሳቂታ ሰው ነበር።

ዕቃውን በካርቶን ከምሮ፣ ከኋላው ብረት ላይ በሲባጎ ጠፍሮ ነው የሚሄደው። የመንዝ መንገድ ድንጋይ ነው፤ ብርጭቆው ሲንኳኳ ውሎ ግማሹ ተሰብሮ ይደርሳል። ክረምት ሲሆን ካርቶኑ ይረጥብና ይቀደዳል። አንድ ቀን ሲባጎው ላልቶ ጎማው ውስጥ ገባና ከነብስክሌቱ ቦይ ውስጥ ጣለው። ቅንድቡ ተሰንጥቆ ቤት ገባ።

በዛወርቅ ቁስሉን እያጠበች፣ «አህያ እንኳ ሲጫን ግራና ቀኙ ይመጣጠንለታል። አንተ ሁሉን ከኋላህ ቆልለህ መሄድህ ምን ይባላል?» አለችው።

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ቆይ፣ እኔ እሰፋልሃለሁ።»

መጀመሪያ ከቆዳ ሰፋችለት። አወቀ ባዶውን አንስቶ፣ «ይኼማ ራሱ አንድ ጭነት ነው» ብሎ ሳቀ። ቀጥላ ከማዳበሪያ ከረጢት ሞከረች። እሱ ቀላል ነበር፤ ግን ከቀየት ገበያ ሲመለስ ሥሩ ተፍቆ ተቀደደና ሳሙናው በየመንገዱ ተንጠባጥቦ ቀረ።

ከዚያ የተቀደደ የጭነት መኪና ሸራ አገኘች። ከእሱ ግራና ቀኝ የሚንጠለጠሉ ሁለት ኮሮጆዎች ቆረጠች፤ ሥራቸውን ባረጀ የጎማ ላስቲክ ደረበችው። ኮሮጆው ጎማው ውስጥ እንዳይገባ ከተሰነጠቀ ጄሪካን ገጽ ቆርጣ በጎማው በኩል አስገባችበት። አወቀ ሲሞክረው ተረከዙ በረገጠ ቁጥር ኮሮጆውን ይመታል። ብስክሌቱን ግድግዳ አስደግፋ አስቀመጠችውና፣ እግሩ የሚያልፍበትን በሳሙና ቁራጭ አስምራ ጥጉን በሰያፍ ቆረጠችው። ከአሮጌ ቀበቶ የፈታችውን ዘለበት ሰፋችበት። አወቀ ሁለቱን ኮሮጆ በአንድ ጣቱ አንጠልጥሎ በየጎረቤቱ እየዞረ አሳየ።

ከዚያ በኋላ ብርጭቆ ተሰብሮ አያውቅም። ጭነቱ ስላልከበደው መጨመር ጀመረ። የደጋው ገበያ አልበቃህ አለው፤ ከቆላው ከተማ መጥቶ ጨርቅ ከሚነግደው ከሪድዋን ጋር ቁልቁል መውረድ ለመደ።

«ቁልቁለቱ አያስፈራህም?» ትለዋለች።

«ያንቺ ኮሮጆ እያለ ምን አስፈራኝ!»

ሐምሌ ውስጥ፣ ዝናብ ካባራ በኋላ፣ ሪድዋን በቅሎዎቹን እየነዳ ከኋላው ሲከተል፣ አወቀ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑ ተበጠሰበት። ጭነቱ ገፋው፤ መጠምዘዣው ላይ መዞር አቅቶት ወደቀ። ሪድዋን ሮጦ ሲደርስ ነፍሱ ወጥታ ነበር።

ከቀብር መልስ ሰው ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ሪድዋን ኮሮጆዎቹን ተሸክሞ መጣ። «አላህ ሰብር ይስጥዎ፣ እትዬ በዛወርቅ» ብሎ እግሯ ሥር አኖራቸው። አንዲት ለቀስተኛ ዘለበቱን ፈትታ ወደ ውስጥ ተመለከተችና ሳታስበው፣ «ውይ! አንዲት ብርጭቆ እንኳ አልተሰበረችም!» አለች። በዛወርቅ አንዱን ብርጭቆ አውጥታ በሁለት እጇ ያዘችው። መቃብር ላይ እምቢ ያላት እንባ ያን ጊዜ መጣ።

ወሬው ተዛመተ። ለቅሶ ሊደርሱ የመጡ ሰዎች ሳይቀሩ «የአወቀን ዓይነት ኮሮጆ ሥሪልን» ማለት ጀመሩ። እሷ የስፌት መኪናዋን በነጠላ ሸፍና ተቀመጠች።

ጎረቤቷ ጥሩሸዋ፣ «እስከ መቼ እንዲህ ትሆኛለሽ?» ብትላት፣

«ካርቶን በነበረ ጊዜ ሸክሙን ይፈራው ነበር» አለች። «ፍርሃቱን የወሰድኩበት እኔ ነኝ።»

«የተበጠሰው ፍሬኑ ነው። አንቺ ፍሬን አልሰፋሽም።»

«ልክ ነሽ» አለች በዛወርቅ። ግን ፊቷ አልተፈታም።

መኖር ግድ ነውና መኪናውን ገለጠችው። ኮሮጆም ሰፋች፤ ግን ትንንሹን ብቻ። ሪድዋን ለወንድሙ ሊያሠራ መጥቶ አንዱን አገላብጦ አየና፣ «እትዬ፣ ይቺ ምን ትይዛለች?» አላት።

«ሰው ቁልቁለት ላይ ሊገታው የሚችለውን ያህል ትይዛለች።»

ሪድዋን አንገቱን ደፋ። የሆነውን በዓይኑ ያየ ሰው ነውና ትንሿን ወሰደ።

ሌላው ገበያተኛ ግን ትንሽ አልፈለገም። ሌላ ሰፊ ከእሷ አንድ ገዝቶ፣ ስፌቱን ፈትቶ አጠናና መጠኑን እጥፍ እያደረገ ይሰፋ ጀመር። ደንበኛው ሁሉ ወደዚያ ሄደ። በዛወርቅ አልተጣላችም፤ ሸሚዝና የተማሪ ልብስ መስፋቷን ቀጠለች።

በገበያ ቀን ግን ከደጃፏ ወጥታ መንገዱ ዳር ትቆማለች። ኮሮጆ ሞልቶ ወደ ቁልቁለቱ የሚሄደውን ሁሉ፣ የምታውቀውንም የማታውቀውንም፣ «ፍሬንህን አይተኸዋል?» ትለዋለች። አንዳንዱ ይስቃል። አንዳንዱ ለአክብሮት ያህል ፍሬኑን ጨበጥ አድርጎ ያሳያታል። የሚበዙት ግን «አይተናል፣ እትዬ» እያሉ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ ያልፏታል።