በእናት በኩል

የታላቅ እህቴ የበኩር ልጅ ባቱ ወፍራም ነበር። ገና አራት ዓመት ሳይሞላው የጎልማሳ የመሰለ ባት ስላወጣ የአባቱ ዘመዶች እየዳበሱት፣ ይህስ ከጥማድ በሬ ጋር ይታገላል ይሉ ነበር። እኔ መንግሥት በተለወጠ በሦስተኛው ዓመት ቡሬ የባዮሎጂ መምህርት ሆኜ ተመደብኩ። የእህቴ ቤት ከከተማው አንድ ሰዓት ተኩል ያስኬዳል። ቅዳሜ ከገበያ ተመላሾች ጋር እሄድና እሑድ እመለሳለሁ። ልጁ ሲሮጥ ቶሎ ቶሎ እንደሚወድቅ ያየሁት ያኔ ነው። መውደቁ እንኳ አይደለም፣ አነሳሱ ነው ያስፈራኝ። መጀመሪያ በአራት እግሩ ይሆናል፤ ከዚያ እጆቹን ጉልበቱ ላይ፣ ቀጥሎ ጭኑ ላይ እያስደገፈ የገዛ ገላውን ተንጠላጥሎ ይቆማል።

እህቴ ሁለት ጊዜ ጠበል ወስዳዋለች። ስድስት ዓመት ሲሞላው፣ ትምህርት ቤት በተዘጋበት ክረምት፣ ይዘነው ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ሄድን። እነሱም ወደ ባሕር ዳር ጻፉልን። እዚያ ያየው ሐኪም ሽበታም፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነበር። ልጁን ወለል ላይ አስቀምጦ ተነስ አለውና አነሳሱን አየ፣ ባቱን ጨበጠ። ከዚያ እህቴን ወንድሞች ነበሩሽ ወይ ብሎ ጠየቃት። የለንም አለችው። የእናታችሁስ ወንድሞች? እናታችን ሁለት ወንድሞች ነበሯት። ሁለቱም በልጅነታቸው እግራቸው ከድቷቸው፣ ጢም ሳያወጡ ነው የሞቱት። እኛ ቤት ልምሻ ነው ይባል ነበር።

ሐኪሙ እህቴንና ልጁን ውጭ ጠብቁ ብሎ እኔን አስቀረኝ። በሽታው የጡንቻ እንደሆነ፣ ከእናት ወደ ወንድ ልጅ እንደሚተላለፍ፣ እናቲቱን ግን አብዛኛውን ጊዜ እንደማያሳምማት ነገረኝ። የምትወልደው እያንዳንዱ ወንድ ልጅ የመያዙና የመትረፉ ዕድል እኩል ነው አለኝ። መድኃኒት የለውም።

«አሥር ዓመት አካባቢ መራመድ ያቆማል» አለ። «ሃያን የሚያልፉት ጥቂቶች ናቸው።»

የነገረኝን ዐውቀው ነበር። በየዓመቱ ስለ ዘር ውርስ ሰሌዳ ላይ ለሴት ክብ፣ ለወንድ አራት ማዕዘን እየሳልኩ የማስተምረው ነገር ነው። እኛ ቤት መኖሩን ግን ልብ አላልኩም።

አውቶቡስ ውስጥ ልጁ እህቴ ጭን ላይ ተኛ። ምን አለሽ ብላ ጠየቀችኝ። ቪታሚን አዞለታል፣ ሲያድግ እግሩ ይጠናል አልኳት። ቤት የቀረው ታናሽ ወንድሙ ያኔ ሦስት ዓመቱ ነው፤ የእሱም ባት መወፈር ጀምሯል።

ሁለት ዓመት ዋሸሁ። በእነዚያ ሁለት ዓመታት የእህቴ ባል ራሱን ሲወቅስ ኖረ። ደግ ሰው ነው። ትልቁን ልጅ ትምህርት ቤት ድረስ አዝሎ ያደርሰዋል። ድሮ አባቱ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ዛፍ ቆርጦ ነበርና፣ ዘመዶቹ መቅሠፍቱ ከዚያ የመጣ ነው ይላሉ። እናቱም ሱባኤ እየገባች ታለቅሳለች። አንድ እሑድ እስከ ዋናው መንገድ ሊሸኘኝ አብሮኝ ወጣ። ግማሽ መንገድ ስንደርስ ቆመ።

«እህቴ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ። ይህ ነገር የአባቴ ኃጢአት ነው ወይ?»

አሳዘነኝ። «አይደለም» አልኩት። «በእናት በኩል የሚመጣ ነው። ከእኛ ዘር ነው።»

ከዚያ መሬት መሬት እያየ፣ «ከሌላ ሴት ብወልድስ?» አለ።

አላውቅም ማለት እችል ነበር። «ጤነኛ ይሆናል» አልኩት።

አመስግኖኝ ተመለሰ። ጠብ የሚባል አልነበረም። ጤፉ እንደተወቃ ሽማግሌ ተቀመጠ፤ መሬቱን ተካፈሉ፣ በሬውን አንድ አንድ ያዙ። እሱ ከወንዙ ማዶ ሌላ ሴት አግብቶ ልጆች ወለደ፤ ሁሉም ይሮጣሉ። የእህቴን ልጆች ግን አልጣላቸውም፤ በየበዓሉ እየመጣ ተሸክሞ ያስቀድሳቸው ነበር።

ሲለያዩ እህቴ የአራት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ቡሬ የተከራየኋት ክፍል ድረስ መጥታ፣ ነጠላዋን ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«እውነቱን መናገርሽን አልጠላሁም» አለችኝ። «መጀመሪያ ለእኔ መንገር ነበረብሽ። እኔ እንዴት አድርጌ እንደምነግረው ዐውቅ ነበር።»

ይቅርታ እንኳ ሳልጠይቃት፣ ያሁኑስ ፅንስ ብላ ሆዷን ያዘች። ሴት ከሆነች አትታመምም አልኳት። ሴት እንደ እናታችን፣ እንደ እሷ፣ ምናልባትም እንደ እኔ፣ ሳትታመም ተሸክማው ልትኖር እንደምትችል ግን ሳልነግራት ቀረሁ። ሴት ወለደች። እልልታው ለሴት ሦስት፣ ለወንድ ሰባት ነው። እሷ ግን አልጋዋ ላይ ሆና ሴቶቹን ሰባት ጊዜ እልል አስባለቻቸው።

ትልቁ በአሥር ዓመቱ መራመድ አቆመ፣ ታናሹ በዘጠኝ። እህቴ እያገላበጠች፣ እያጠበች፣ ፀሐይ እያስሞቀች አኖረቻቸው። ትልቁ የወሰድኩለትን መጽሐፍ ሁሉ ያነብ ነበር። በመጨረሻ ገጹን የምገልጥለት እኔ ነበርኩ። በአሥራ ሰባት ዓመቱ፣ በክረምት፣ ሳል ይዞት በአራተኛው ቀን ሞተ። ታናሹ ከሦስት ዓመት በኋላ ተከተለው።

እኔን ሁለት ሰዎች ለትዳር ጠይቀውኝ ነበር። ሁለቱንም እምቢ አልኩ፤ ምክንያቱን አልነገርኳቸውም። አንደኛው አብሮኝ የሚያስተምር ነበርና የናቅኩት መስሎት እስኪዛወር ድረስ ሰላምታ ነሳኝ።

የእህቴ ልጅ አሥረኛ ክፍል ጨርሳ ሁለት ዓመት ቤት ከቆየች በኋላ ከፍኖተ ሰላም አካባቢ ሽማግሌ መጣላት። ሽማግሌ የላከውን ልጅ እሷም ወዳዋለች። በዚህ ጊዜ መጀመሪያ ለእህቴ ነገርኳት፤ ምንም ሳላስቀር። የሽሮ አተር እየለቀመች ሰማችኝ። ልጅቱ ይኑርባት አይኑርባት በምርመራ ይታወቅ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሌላ አገር ይታወቃል፣ እዚህ የሚያደርግልን አላገኘሁም አልኳት።

«እንግዲያ ምን ብለን ነው የምንነግራት? እንደ አንቺ ትቅር?»

ለልጅቱም ሳንነግራት ጥር ላይ ተዳረች።

በሚቀጥለው ክረምት ከአማቶቿ ቤት አንድ ሰው መልእክት ይዞ መጣ። እኔና እህቴ ደጅ ተቀምጠን በቆሎ እንፈለፍላለን። የአራት ወር ነፍሰ ጡር ነች፣ ደስ ይበላችሁ አለን። እህቴ ተነሥታ እግዚአብሔር ይመስገን አለች፤ መልእክተኛውን አብልታ፣ አጠጥታ እስከ አጥሩ ሸኘችው። ተመልሳ ተቀመጠችና ያስቀመጠችውን በቆሎ አነሣች። ፊቷን ለማየት አልደፈርኩም። እኔም በእጄ የያዝኩትን ፈልፍዬ ሌላ አነሣሁ።