የአጎቴ ስልክ አማርኛ የሆነ ዕለት

ሥራ የጀመርኩ ቀን ሐጂ ኑሩ መፍቻ አላስነኩኝም። እንጅባራ መናኸሪያው አጠገብ ያለችው የስልክ ሱቃቸው ሁለት ሰው ጎን ለጎን አታስቆምም። እኔን በሩ ላይ አስቀመጡና አንድ ስልክ ሰጡኝ። ስክሪኑ ላይ ያለው ጽሑፍ በሙሉ ቻይንኛ ነው።

«አማርኛ አድርገው» አሉኝ።

«ሐጂ፣ ማንበብ አልችልም እኮ!»

«እኔስ የት ተምሬው?» አሉና ከመስታወት ሳጥኑ ውስጥ እንግሊዝኛ የሚያወጣ ተመሳሳይ ስልክ አውጥተው አጠገቡ አኖሩት። «በዚህኛው እያነበብክ በዚያኛው ንካ። ይሄ አምስተኛው መስመር ላይ ከሆነ ያም አምስተኛው ላይ ነው።»

ሴቲንግ የምትከፍተውን የማርሽ ምልክት ነካሁ፤ ወረድኩ፤ የቋንቋውን መስመር አገኘሁ፤ አማርኛን ጨምሬ ከላይ አስቀመጥኩት። ጨረስኩ ብዬ ደረቴን ስነፋ ሐጂ «ጻፍበት እስቲ» አሉኝ። የሚወጣው ፊደል እንግሊዝኛ ነው። ኪቦርዱ ለብቻው እንደሚጨመር፣ ከዚያም ከታች ባለችው የሉል ምልክት እንደሚቀያየር ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። የሙያዬ መሠረት ይኸው ነው፤ ዛሬም ባትሪ ከመቀየር ይልቅ ቋንቋ በመቀየር ነው ሰው የሚያውቀኝ።

ደንበኛ ግን ቋንቋ ስለተቀየረለት ብቻ አይደሰትም። አንዲት ጨርቅ ነጋዴ አማርኛ ባደረግሁላት ማግስት ተቆጥታ መጣች።

«ሴቲንጉን የት አደረስከው?»

«ቅንብሮች የሚለው ነው፣ እትዬ።»

«ቅንብር የዘፈን ነው። እኔ ዘፋኝ አይደለሁም። እንደነበረ መልስልኝ!»

መለስኩላት። እንዲህ ያለውን ስቄ አሳልፋለሁ። የአጎቴ ግን ትዳሬን ሊያሳጣኝ ነበር።

ያኔ ብርቱካንን ለማግባት ቆርጫለሁ። አባቷ አቶ ዘለቀ በጫግኒ የታወቁ የእህል ነጋዴ ናቸው፤ ሽማግሌ ሳይላክ ነገሩን ጭራሽ አይሰሙም። በሰዓት ደግሞ ቀልድ አያውቁም፤ መኪና አርፍዶ ከመጣ ጭነቱን ይመልሳሉ ይባላል። ስለዚህ ሦስት ሽማግሌዎች ተመረጡ፤ አለቃቸው አዘና የሚኖሩት አጎቴ ጋሽ ምህረቴ ሆኑ። አጎቴ በአገውኛም በአማርኛም ሰው የማስታረቅ ተሰጥኦ አላቸው።

በመንገዱ ዋዜማ ሱቅ መጡና ስልካቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«አማርኛ አድርግልኝ። ሽማግሌ ሆኜ ሄጄ ስልኬ እንግሊዝኛ ሲያወጣ ሰው ምን ይለኛል?»

ደስ ብሎኝ ቀየርኩላቸው። ኪቦርዱንም ጨመርኩ። መረቁኝ፤ ከመናኸሪያው ጀርባ አንዲት መስኮት የሌላት የሆቴል ክፍል ይዘው አደሩ። ቀጠሮው ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት መናኸሪያ ነው። ቤታቸው ቢሆን አውራ ዶሮ ይቀሰቅሳቸዋል፤ ከተማ ውስጥ ግን ዶሮ አላመኑም። ስልካቸውን በአሥራ አንድ ሰዓት እንዲጮህ ሞልተው ተኙ።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲሆን የቀሩት ሁለቱ ሽማግሌዎች ብርዱ ላይ ቆመው ጠብቀው ጠብቀው ደወሉልኝ። አጎቴ የሉም፤ የመጀመሪያው መኪና ሄዷል። እኔም አጎቴ ጋ ደወልኩ።

«አጎቴ፣ የት ነዎት?»

«አልጋዬ ላይ ነኛ! ሌሊት በስምንት ሰዓት ሰው ይቀሰቀሳል? ተኛ ልጄ፣ ልጅቱ አታመልጥህም» ብለው ስልኩን አጠፉት።

ሮጥኩ። በሩን ስደበድብ ብርድ ልብስ ተከናንበው ከፈቱ። ፀሐዩ ፊታቸው ላይ ሲያርፍ አንዴ ሰማዩን፣ አንዴ ስልካቸውን አዩ።

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ስልኩ እንግሊዝኛ በነበረ ጊዜ አጎቴ የፈረንጅ ሰዓት መሆኑን ያውቃሉ፤ ስድስት እየቀነሱ ያነቡታል። አማርኛ ሲሆንላቸው ጊዜ ሰዓቱም የኛ የሆነ መሰላቸው። ንጋት ላይ ነቅተው ስልኩ ስድስት ሰዓት ሲል «ገና እኩለ ሌሊት ነው» ብለው ተገላበጡ። ቆይተው ነቁ፤ ሰባት ይላል፤ በአሥራ አንድ የሞሉት ደወልም ገና አልደረሰም። ውጪ ባጃጅ ይጮሃል፤ ሰው ይገበያያል።

«የእንጅባራ ሰው እንቅልፍ የለውም ወይ ስል ነው ያደርኩት» አሉኝ። ቀጥለውም ተቆጡ፦ «አማርኛ ካደረግኸው ሰዓቱን ለምን ፈረንጅ አድርገህ ተውከው?»

ቋንቋ አሉኝ፣ ቋንቋ ቀየርኩ። ዛሬም ቃሌ ይኸው ነው። ያን ጊዜ ግን ጫማቸውን አቀብዬ መናኸሪያ አደረስኳቸው።

በሚቀጥለው ሚኒባስ ሄዱ። ጫግኒ ሲደርሱ ቀትር አልፏል፤ አቶ ዘለቀ መጋዘናቸውን ዘግተው ሲጠብቁ አርፍደዋል። ሽማግሌዎቹ ገና ከደጅ ሳሉ ለምን እንደዘገዩ ጠየቋቸው። አጎቴ መዋሸት አያውቁም፤ ስልኩን አውጥተው አሳዩ።

«ይኼ ነው ያሳፈረኝ። የሠራው ደግሞ ልጁ ራሱ ነው።»

አቶ ዘለቀ አልሳቁም። ከኪሳቸው የራሳቸውን ስልክ አወጡ። የልጅ ልጃቸው ስትጫወትበት ቋንቋው ተቀይሮ ማንም የማያነበው ሆኗል። «ልጁ ይምጣ። ይኼን ካስተካከለ እንነጋገራለን፤ ካላስተካከለ በዚሁ ይብቃ» አሉ።

ሽማግሌ ተልኮ ነገሩ ሳያልቅ ሙሽራው ራሱ መፍቻ ይዞ ሲገባ በአገራችን ታይቶ አያውቅም። እኔ ግን በማግስቱ ጠዋት ገባሁ። የስልኩን ዓይነት ብርቱካን በድብቅ ነግራኝ ስለነበር ሐጂ ኑሩ ተመሳሳዩን አውሰውኛል። ሁለቱን ጎን ለጎን አኖርኳቸው። አማቾቼ፣ ጎረቤቱ፣ የመጋዘኑ ተሸካሚዎች ሳይቀሩ ከበቡኝ። ጽሑፉ የየት አገር እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሁለቴ መስመር ተሳስቼ ወደ ኋላ ተመለስኩ፤ ብርቱካን ከመጋረጃው ኋላ ስትተነፍስ ይሰማኛል። በመጨረሻ አማርኛ ብቅ አለ። ኪቦርዱን ጨመርኩና ስማቸውን ጻፍኩበት።

አቶ ዘለቀ እጃቸውን ዘረጉ። እኔ ስልኩን አልሰጠሁም።

«አባባ፣ መጀመሪያ ስንት ሰዓት እንደሆነ ይንገሩኝ።»

ስክሪኑን አዩት፤ «አሥር ሰዓት ይላል» አሉ። ቀና ብለው የጠዋቱን ፀሐይ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስድስት ይቀነሳል ማለት ነው። አራት ሰዓት።»

ያን ጊዜ ስልኩን ሰጠኋቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ።

«ይኼን አጎትህን ብትጠይቃቸው ኖሮ በመጀመሪያው ቀን እሺ እልህ ነበር። ግባ፣ ተቀመጥ።»

ለሠርጉ አጎቴ ከዋዜማው መጡ፤ በብብታቸው አውራ ዶሮ ይዘዋል። ሰው ስጦታ መሰለው። ዶሮው እሳቸው ካደሩበት ክፍል አደረ።

እናንተ በዚህ ሙያ ያላችሁ ልጆች፣ የሰው ስልክ ቋንቋ ቀይራችሁ ከመመለሳችሁ በፊት ባለቤቱን ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠይቁት።