ለባለቤቴ ስተረጉም

ባለቤቴ እዚህ አሜሪካ ክሬንሾው የሚባል ሰፈር ተወልዶ እዚያው ያደገ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። የከተማ አውቶቡስ ይጠግናል። ከተጋባን ጀምሮ የአበሻ ሱቅና ምግብ ቤት የተደረደረበት ፌርፋክስ መንገድ በወጣን ቁጥር አበሻ አንድ ነገር ከተናገረ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ይልና «ምን አሉ?» ይለኝ ነበር። እኔም እተረጉምለት ነበር። አተረጓጎሜን ግን አላህ ይቅር ይበለኝ።

አንድ ቅዳሜ ሀላል ሥጋና ቅመም የምንገዛበት ሱቅ ገባን። እኔ ሥጋ ሳስቆርጥ እሱ የበርበሬው መደርደሪያ ጋ ቆሞ አንዱን ከረጢት ያሸታል፣ መልሶ ሌላውን ያሸታል። ባለሱቋ ድምፅዋን እንኳ ዝቅ ሳታደርግ ሠራተኛዋን «አንቺ፣ ያ ጥቁር ላይ ዓይንሽን ጣል አድርጊ» አለቻት። አብሬው መምጣቴን አላወቀችም። ባለቤቴ ከወዲያ ፈገግ ብሎ «ምን አለች?» አለኝ። «በርበሬው ትናንት የገባ ነው አለች» አልኩት። ደስ ብሎት ሁለት ከረጢት ገዛ።

ምግብ ቤትም ያው ነው። አስተናጋጁ «እህት፣ አበሻ ወንድ አልቆ ነው?» ብሎ ሲስቅብኝ፣ ለባለቤቴ «ጠፋችሁ እያለን ነው» እለዋለሁ። መኪና ማቆሚያው ላይ የሚሠሩ አንድ ትልቅ ሰው ደግሞ «ልጄ፣ ሶ ፔፐርሽን ከጨረስሽ ዲቮርስ አድርጊው እንጂ» ብለው መክረውኛል። እኔ የመጣሁት በዲቪ ነው፤ ለመኖሪያ ወረቀት የማንንም እጅ አላየሁም። «ትዳራችሁ ይባረክ ብለዋል» ብዬ ተረጎምኩ። ባለቤቴ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ ሲልላቸው፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

የሚንቁት በሃይማኖት ነው እንዳይሉ፣ ባለቤቴ እስላም ሆኖ የተወለደ ነው፤ ቁርኣን ከኔ አሳምሮ ይቀራል። በሥራ እንዳይሉ፣ አንድ ቀን ሳይቀር ጎህ ሳይቀድ የሚወጣ ሰው ነው። በመልክ እንዳይሉ፣ ባለሱቋ ራሷ ከሱ ትጠቁራለች። ይህን የሚነግራት ሰው ግን ጠፍቷል። እኛ «ጥቁር» ስንል ራሳችንን ምን ልናደርገው እንደሆነ አይገባኝም። ፖሊስ መኪና ሲያስቆም «አበሻ ነህ ወይስ ምን?» ብሎ አይጠይቅም።

በሱ ቤተሰብ በኩልም ነገሩ አልጋ ባልጋ አይደለም። አክስቱ መጀመሪያ ያገኙኝ ቀን ሳህኔን ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልተው «ብዪ፣ እናንተ አገር ምግብ እንደሌለ በቲቪ አይቻለሁ» አሉኝ። ሌላ ቀን ደግሞ «እናንተ አፍሪካኖች ከኛ የተሻላችሁ ይመስላችኋል» አሉ። በመጀመሪያው ሳቅሁ። በሁለተኛው አቀረቀርኩ፤ ፌርፋክስን አውቀዋለሁና።

ልጃችን ስትወለድ አማርኛ ትልመድ ብሎ የለመነኝ እሱ ነው። እኔ እውነቱን ለመናገር ያን ያህል ግድ አልነበረኝም። ከሥራ ደክሞኝ ስመጣ በቀለለኝ ቋንቋ ባወራት ደስ ይለኝ ነበር። እሱ ግን «የኔ ሰዎች በምን ቋንቋ ይነጋገሩ እንደነበር እንኳ አላውቅም። በባርነት ሲመጡ ከነስማቸው ነው የተቀሙት። ልጄ ቢያንስ ያንቺን ትወቅ» አለኝ። እንዲህ ብሎ የሚለምንን ሰው እንዴት እምቢ ይሉታል? ቤት ውስጥ ከሷ ጋር የማወራው በአማርኛ ብቻ ሆነ። ሦስት ዓመት ሲያልፋት፣ እኔ እንደተወለድኩባት እንደ ኮምቦልቻ ልጅ ትጠይቅ፣ ትቆጣ፣ ሲብስባትም ትሳደብ ነበር። እንግሊዝኛዋ ገና ይኮላተፍ ነበር።

እሱም ከሷ ጋር ይማር ጀመር። «አባ፣ እንደሱ አይባልም!» እያለች ታርመዋለች። እንደ ጨዋታ ነበር ያየሁት። አንድ ቀን ግን ከእናቴ ጋር በስልክ ያወራሁትን ቃል በቃል መልሶ ሲነግረኝ ደነገጥኩ። ከዚያ ወዲህ «ምን አሉ?» ማለቱ እየቀነሰ መጣ። ሌላዋ ሴት ባሏ ቋንቋዋን ሲያውቅላት ትኮራለች፤ እኔ ፈራሁ።

ባለፈው ዓመት የአክስቴ ባል ሞተ። አክስቴ እዚህ አገር ስመጣ የተቀበለችኝ፣ ባልድዊን ሂልስ ባለው ቤቷ ሁለት ዓመት ያኖረችኝ ሴት ናት። ኒካሃችን የታሰረውም እዚያው ሳሎኗ ውስጥ ነው። ለቅሶ ልንደርስ ስንሄድ ባለቤቴ መኪና እየነዳ የሚላትን ይለማመዳል፤ «አላህ ሰብሩን ይስጥዎት፣ አላህ ሰብሩን ይስጥዎት።» ሰብር ትዕግሥት መሆኗን ከቁርኣን ያውቃታል፤ ያስቸገረችው «ይስጥዎት» ናት። ልጃችን ከኋላ ወንበር ሆና ታርመዋለች። «ሰርፕራይዝ ላደርጋቸው ነው» አለኝ። ፈተና እንደደረሰበት ተማሪ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ በሩ ጋ ደረስን።

ቤቱ በሰው ሞልቷል። ምግብ ሊቀርብ ሲል ባለቤቴ ማንም ሳያዘው ማስታጠቢያውን አነሳና፣ ፎጣ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ ከትልልቆቹ ጀምሮ ያስታጥብ ገባ። እኔ አላስተማርኩትም፤ ሲያይ የለመደው ነው። አክስቴ ፊት ሲደርስ በርከክ አለላት። ሊናገር አፉን ሲከፍት አየሁት። ሳህን ይዤ ከአጠገባቸው ቆሜ ነበር። አክስቴ እጇን ወደ ውሃው ዘርግታ፣ እሱኑ እያየች፣ ጎኗ ለተቀመጠችው ሴት በአማርኛ እንዲህ አለች፦

«መኝታ ቤቱን ቆልፊልኝ እስቲ፣ ቦርሳዬ አልጋው ላይ ነው። ይሄ ሰውዬ እንዲህ ቤቱን ሲዞረው ደስ አላለኝም፤ ዘራቸው ነው፣ ምን ታደርጊዋለሽ።» ከዚያ ወደሱ ዞራ «ታንክ ዩ፣ ማይ ሰን» አለችው።

የሚያፈሰው ውሃ እንኳ አልተቋረጠም። እስኪበቃት አፈሰሰላት፣ ፎጣውን አቀበላት፣ በእንግሊዝኛ «ሶሪ ፎር ዩር ሎስ» ብሏት ተነሳ። የቀሩትንም አንድ በአንድ አስታጠበ። እኔ የያዝኩትን ሳህን የት እንዳስቀመጥኩት አላውቅም። አክስቴን አንድ ነገር ልላት ፈልጌ ነበር፤ በባሏ ለቅሶ ላይ ምን ይባላል? ሴትዮዋ ተነስታ ቆልፋ ስትመለስ አየሁ። ብናገርም የሚለወጥ ነገር ያለ አይመስለኝም፤ ዝም ማለቴ ግን እስካሁን ያንገበግበኛል።

ስንመለስ ውሸቴን አዘጋጅቼ «ምን አለች?» እስኪለኝ ጠበቅሁት። አልጠየቀኝም። ራሴ ጀመርኩ።

«አክስቴ በጣም አመስግናሃለች።»

«ተዪው» አለኝ በአማርኛ። የቀረውን በእንግሊዝኛ ነው የተናገረው። «መስማት ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። እስከዛሬ የማያውቁኝ ሰዎች ናቸው እያልኩ አልፈው ነበር። እሷ ግን ታውቀኛለች።»

«ትልቅ ሰው ናት፣ ሐዘን ላይም ናት» አልኩት።

«ባለሱቋስ? አሁንም ስገባ ያንኑ ትላለች፤ በዕድሜ ከኔ ታንሳለች።»

ቀይ መብራት ያዘን። እጁ መሪው ላይ እንዳለ «ልጄን ካሁን በኋላ በእንግሊዝኛ ብቻ አውሪያት» አለኝ። «ገና ትንሽ ናት፣ ትረሳዋለች። ነገ አድጋ ብቻዋን ፌርፋክስ ትገባለች። እኔን ነው የምትመስለው። የሚሏትን እንዳትሰማ።»

አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ለምኖኝ እንደነበር ላስታውሰው፣ ስለተቀማው ቋንቋ የነገረኝን መልሼ ልነግረው ፈለግሁ። ፊቱን ሳየው አልደፈርኩም። ደግሞስ በምን አፌ እከራከረዋለሁ? እኔ ራሴ ባልሰማሁት ብዬ የተመኘሁት ስንት ጊዜ ነው።

ልጃችን ከኋላ «እማ፣ ውሃ ስጪኝ» አለች። ጠርሙሷን ይዤ ዞርኩ። እሱ ፊት ለፊት መንገዱን ያያል።

«ዋተር በይ» አልኳት።

ግራ ገብቷት አየችኝ። «ውሃ» አለች ደግማ፣ እጇን ዘርግታ።

ጠርሙሷን ወደ ኋላ ሳብ አደረግኩት። «ዋተር በይ፣ የኔ እናት።»

ማልቀስ ጀመረች። ጠበቅኳት። ብዙ አልቅሳ ጥሙ ሲብስባት «ዋተር» አለች። ሰጠኋት።