የሳጥኗ በር

የአውሮፕላን ማረፊያው የአየር ሁኔታ ታዛቢ “እትዬ ሽርጉድ” የሚል ቅጽል ስም የወጣላት በከንቱ አይደለም። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ወንበሯ ሞቆ አያውቅም። ሰኞ ሰኞ ሜዳው ላይ ካለችው ነጭ ሳጥን ውስጥ የቴርሞግራፉን ወረቀት ትቀይራለች፣ ወረቀቱን የሚያዞረውን ሰዓት ትሞላለች፣ ሙቀቱን ቀን ከሌት በመስመር ለሚጽፈው ብዕር ቀለም ትጨምራለች። በሌሎቹም ቀናት ወደዚያ የምትሮጥበት ሰበብ አታጣም።

የዚያን ቀን ግን የምር ሰበብ ነበራት። ልጇ ለሥራ ፈተና በስድስት ሰዓቱ ትንሽ አውሮፕላን ልትሄድ ነው፤ ያውም ቦታ ከተረፈ ብቻ የምትሳፈር ተጠባባቂ ሆና። አየር ሲሞቅ አውሮፕላን መነሳት ይከብደዋል፣ ጭነት ይቀነስለታል። ሙቀቱ ከሠላሳ ዲግሪ ካለፈ ተጠባባቂ ይቀራል። ቁጥሩን ለመቆጣጠሪያ ማማው የምትናገረው ደግሞ እናትየዋ ናት።

እናት መቀመጥ አቃታት። በየአምስት ደቂቃው እየሮጠች ሳጥኗን ትከፍታለች። ሃያ ዘጠኝ ተኩል። ሠላሳ። ሠላሳ ተኩል! ትንሽ ዝቅ አድርጋ ብትናገርስ፣ ማን ያያል? ወዲያው በራሷ አፈረች፤ በሰው ነፍስ ቀልድ የለም።

ወረቀቱን ልብ ብላ ያየችው ያኔ ነው። መስመሩ ጉብ ጉብ ብሏል፤ እያንዳንዱ ጉብታ እሷ በሩን ከፍታ የቆመችበት ደቂቃ ነው። ትንፋሿንና የአስፋልቱን ወላፈን ያስገባችው ራሷ ናት!

“ምን ነካኝ!” ብላ በሩን ዘጋች። ለማማው የሚነገረው ንባብ ሃያ ደቂቃ ቀርቶታል፤ እውነተኛው ሙቀት እንዲመለስ እስከዚያ ሳጥኗን ማንም መንካት የለበትም።

ቢሮ ገብታ ተቀመጠች። ጠረጴዛው ሥር እግሯ ይደንሳል። ስልኳ ጮኸ።

“እማዬ፣ ከተጠራሁ ወዲያው ነው የምንገባው። ሳትስሚኝ ልሄድ ነው? ነይ እንጂ!”

መንገደኞች የሚሳፈሩት ከሜዳው ማዶ ነው፤ ደርሳ እስክትመለስ ንባቡ ያልፋል።

“አልችልም የኔ ልጅ፣” አለች።

ሰዓቱ ሲደርስ በሩን አንዴ ከፍታ፣ ትንፋሿን ውጣ አነበበች። ሃያ ዘጠኝ ተኩል። ለማማው ነገረች፤ ልጅቷም ተጠራች።

አውሮፕላኑ ተነስቶ እስኪጠፋ በመስኮት አየችው። ከዚያ ሄዳ፣ ምንም ሥራ ሳይኖራት፣ ሳጥኗን ከፈተችና ፊቷን አስገብታ አለቀሰች።

ሰኞ አለቃዋ የወጣውን ወረቀት መነጽሩን ከፍ አድርጎ አየው።

“እነዚህ ጉብታዎችስ ያው ሽርጉድሽ ናቸው። ይሄ ትልቁ ግን፣ አውሮፕላኑ ከሄደ በኋላ ያለው፣ ምንድን ነው?”

“እሱም እኔ ነኝ፣” አለች።