ከአባባ ቴዎፍሎስ መስኮት ፊት ለፊት

አምኃ በሰላምታ ቀልድ አያውቅም። ደሴ ተወልዶ ያደገ ሰው፣ የሚያውቀውን ሰው አግኝቶ በእጁ ጠቆም አድርጎ ማለፍ ስድብ ነው የሚመስለው። እጅ ይጨብጣል፣ ትከሻ ለትከሻ ይገጫል፣ አንዴ አይበቃውም፣ ይደጋግማል። ከዚያ እናት እንዴት ናቸው፣ ልጆች እንዴት ናቸው፣ ያ ወገብህስ ተሻለህ ወይ፣ ይቀጥላል። ሚስቱ እታገኘሁ ሜልቦርን ውስጥ ክሬጊበርን ገበያ አብራው መውጣት ካቆመች ቆይታለች። "ወተት ግዛ ብዬ ብልከው እርጎ ይዞ ነው የሚመጣው፤ መንገድ ላይ ሰላም ሲል ይረጋበታል" እያለች ለሰው ታወራበታለች። እሱም አይከፋውም፣ ይስቃል።

ዛሬ ዛሬ ግን ሳቁም ቀንሷል፤ ደክሞታል ሰውዬው። ስንት ዓመት የነዳው ታክሲ፣ ሰው በስልኩ መኪና መጥራት ሲጀምር አከሰረው። እሱን ሸጦ አጭር ኮርስ ወሰደና አረጋውያንን ቤታቸው እየሄደ የሚያጥብ፣ የሚያለብስ፣ የሚያበላ ሠራተኛ ሆነ። ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ሲሮጥ ይውላል። የሰው ገላ ሲያጥብ ውሎ ማታ የራሱን ለመታጠብ አቅም ያጣል። ልጁ ኑሀሚን ከስልኳ ቀና ሳትል በእንግሊዝኛ "ለምን አትተወውም?" ትለዋለች። እሷ የተኛችበት ሶፋ ሳይቀር የተገዛው በዚሁ ሥራ ነው።

ከሚሄድባቸው ቤቶች አንዱን ግን ይወደዋል፤ ሴንት አልባንስ ያለውን የቴኦፊልን ቤት። ቴኦፊል ዘጠና ዓመት ያለፋቸው ፖላንዳዊ ናቸው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በመርከብ መጥተው፣ በሥራ ቀን ፋብሪካ እየዋሉ፣ ቅዳሜና እሑድ ቤታቸውን በገዛ እጃቸው ያቆሙ ሰው ናቸው። ሚስታቸውም እዚያው ቤት ነው ያረፈችው። እሳቸውም ከዚህ ቤት የምወጣው ተሸክመውኝ ነው ይላሉ፣ ቀልድ እንዳይመስላችሁ። አምኃ ስማቸውን በሰማ ዕለት፣ ይኼማ የኛው ቴዎፍሎስ ነው ብሎ አባባ ቴዎፍሎስ አላቸው። ትርጉሙ የእግዚአብሔር ወዳጅ መሆኑን ሲነግራቸው ወደዱት፤ ከዚያ ወዲህ በሌላ ስም ጠርቷቸው አያውቅም።

ዘንድሮ ክረምት ላይ እግራቸው ጨርሶ ከዳቸው። ካሁን በኋላ ከአልጋ የሚነሱት በማንሻ ማሽን ነው ተባለ። ማንሻው ደግሞ ያለ ሁለት ሠራተኛ አይነካም፤ ሕጉ ነው። የአምኃ ኤጀንሲ ሁለተኛ ሰው የለኝም አለና ሁለተኛው ከሌላ ኤጀንሲ ተላከ። አምኃ ሰማያዊ ሸሚዝ ይለብሳል፤ የእነዚያኞቹ አረንጓዴ ነው። አረንጓዴ ለብሶ ከመኪናው የወረደው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ጀማለዲን! የኮምቦልቻ ልጅ፣ የአምኃ የታክሲ ዘመን ወዳጅ።

በቃ፣ የአባባ ቴዎፍሎስ በር ላይ ወሎ ተገናኘ። ተጨባበጡ፣ ትከሻ ተጋጩ፣ እንደገና ተጋጩ፣ ተሳሳቁ፤ የኮምቦልቻም የደሴም ሰው አንድ በአንድ ተጠየቀ። ሽማግሌው አልጋቸው ፊት ለፊት ክፍል ውስጥ ስለሆነ፣ በመስኮቱ ሁሉንም ያያሉ። ሁለቱ ሠራተኞች ሲገቡ፣ ሌላ ጊዜ አምኃን በፈገግታ የሚቀበሉት ሰው የአልጋውን ብረት በሁለት እጃቸው ጨምድደው ይዘዋል። በቋንቋቸው ጮኹ። ጀማለዲን ጠጋ ሲል ኩባያ ወረወሩበት። ሳይታጠቡ ዋሉ።

በማግስቱም ያው ሆነ፤ በር ላይ ሰላምታ፣ ውስጥ ጩኸት። ጀማለዲን ሆድ ባሰው። ጥቁርነቱ ይሁን ጢሙ ይሁን፣ ሰውዬው እሱን አይተው ነው የሚሸበሩት ብሎ ደመደመ። አምኃ፣ እኔስ ነጭ ነኝ እንዴ፣ ሁለት ዓመት ያጠብኳቸው እኔ አይደለሁም ወይ ብሎ ሊያስቀው ሞከረ። አልሳቀም። አምኃም ቢሆን ነገሩ አልገባውም፤ ቤቱ ገብቶም ሲያብሰለስለው አመሸ።

ሃሊና የምትባል አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ልጅ እንበላት እንጂ እሷም ጡረታ ከወጣች ቆይታለች። የአባቷ ጀርባ መቁሰል መጀመሩን አይታ አምኃን ጠራችው። ሰኞ ዕለትም እንቢ ካሉ ነርሲንግ ሆም፣ አረጋውያን መጦሪያ፣ ላስገባቸው ነው፣ ሌላ መንገድ የለኝም አለችው። አምኃ የሰውዬውን ሐሳብ ያውቃል። ከዚያ ቤት መውጣት ለእሳቸው ከመሞት ይብሳል። ስለዚህ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ፣ የሥራ ቀኑ ባይሆንም፣ በነጠላው እንዳለ ወደ ሴንት አልባንስ ነዳ።

ሻይ አፈላላቸው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ምን እንዳስቀየሟቸው በግልጽ ጠየቀ። ሽማግሌው በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛቸው፣ ለአምኃ በተሰባበረ እንግሊዝኛው እንደሚገባው አድርገው፣ ነገሩን ከሥሩ ጀመሩት።

የስምንት ዓመት ልጅ ሳሉ ነው። ጀርመን ከምዕራብ፣ ሩሲያ ከምሥራቅ ገብተው ፖላንድን ለሁለት ተካፈሏት። ሰው ሁሉ እነዚህን ሁለቱን የሚያውቃቸው ሲጠፋፉ ነው፤ ያኔ ግን አንድ ነበሩ። ቴኦፊልና እናታቸው ከምዕራብ በኩል ሸሽተው በደረሱባት በብሬስት ከተማ ሁለቱ ጦር ተገናኙ። ጀርመኖቹ የያዟትን ከተማ ለሩሲያዎቹ አስረከቡ፤ ያውም በማርሽ ባንድ፣ ወታደሩ በሰልፍ እያለፈ፣ መኮንኖቹ ሰላምታ እየተሰጣጡ። አባታቸው የፖላንድ ወታደር ነበሩና ሩሲያዎቹ ማረኳቸው። ጥቂት ቆይቶ እስረኞቹን ወደ ወንዙ ድልድይ አወጧቸው። የእሳቸው ቀዬ የቀረው በጀርመን በኩል ስለነበር፣ ወደ ቤታችሁ ልትገቡ ነው ተባሉ። አባት ደስ ብሏቸው ከሰልፉ ውስጥ ለልጃቸው እጃቸውን አውለበለቡ። ድልድዩ መሀል ላይ የሩሲያው መኮንንና የጀርመኑ መኮንን ተጨባበጡ፤ አንዱ ለአንዱ ሲጋራ ለኮሰለት። እስረኞቹ ተሻገሩ። አባታቸው ቤት አልገቡም፤ የት እንደገቡም እስከ ዛሬ አልታወቀም።

"ቢሰዳደቡ፣ ቢገፋፉ ኖሮ አባቴ ይጠረጥር ነበር" አሉ አባባ ቴዎፍሎስ። "ግን በጣም ጥሩ ሰላምታ ነበር። ልክ እንደናንተ።"

አምኃ የያዘው ሻይ እጁ ላይ ቀዘቀዘ። ሽማግሌው ቀጠሉ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ እነዚያው ሁለቱ፣ እዚያው ድልድይ ላይ ተተኳኮሱ። ከዚያ በኋላ ዓለም የሚያወራው ስለ ጠባቸው ብቻ ሆነ፤ ስለ መጨባበጣቸው ለመናገር ቢሞክሩ የሚሰማቸው አላገኙም፣ ተዉት። ለሃሊናም ነግረዋት አያውቁም። አምኃንና ጀማለዲንን ጭንቅላታቸው ያውቃቸዋል፤ ክፉ ሰዎች እንዳልሆኑ ያውቃል። ሁለት ዓይነት ልብስ የለበሱ ሁለት ሰዎች በራቸው ላይ ሲጨባበጡ ሲያዩ ግን ልባቸው ድልድዩ ላይ ነው። ሊያሻግሩኝ ነው ይላል።

አምኃ አገሩ ላይ ትናንት ሲተቃቀፉ ያያቸው ዛሬ ሲተኳኮሱ ሰምቶ ያደረ ሰው ነው፤ ማብራሪያ አላስፈለገውም። የገዛ ሰላምታው፣ ያ የሚኮራበት ሰላምታ፣ ሽማግሌውን እንዲህ ሲያሸብራቸው መክረሙ ነው ያሳፈረው።

ሰኞ ጠዋት ለጀማለዲን በስልክ ነገረው፤ ተማከሩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንዱ በፊት በር ሲገባ ሌላው በጓሮ ይገባል። አልጋው ግራና ቀኝ ቆመው ማንሻውን ሲያንቀሳቅሱ እንኳ በዐይናቸው ብቻ ነው የሚግባቡት። ሁለት የወሎ ሰዎች ሳይሳሳሙ አንድ ቤት ሲገቡ አስቡት፤ ጉድ እኮ ነው! ጎረቤት ያሉት የቬትናም ሴትዮ ተጣልተው መስሏቸው ሊያስታርቋቸው ፈለጉ። እነሱም ሥራ ሲጨርሱ አውቶቡስ ፌርማታው ጋ፣ ከመስኮቱ ርቀው፣ የጎደለባቸውን ሰላምታ አሟልተው ይለያያሉ። አባባ ቴዎፍሎስ ግን ታጠቡ። ጀርባቸው እየሻረ መጣ። አንድ ቀን እንዲያውም ማንሻው ላይ ተንጠልጥለው ሳሉ፣ አውሮፕላን ከዚህ ይሻል ነበር ብለው አሳቋቸው።

አምኃ ነገሩ ያለቀ መሰለው። አላለቀም፤ ሃሊናም ደክሟት ነበርና። ሌሊቱን ከአባቷ ጋር የምታድረው እሷ፣ ሲጠማቸው የምትነሣው እሷ። ዌሪቢ ካለ ነርሲንግ ሆም ጥሩ ቦታ ተገኘ ተብላ ስትጠራ፣ አምኃን ኩሽና አስቀመጠችው። እሱ የመከራከሪያውን ሁሉ አዘጋጅቶ ነበር። የድልድዩንም ነገር ነገራት። አባቴ ይህን ለአንተ ነገረህ ወይ ብላ አለቀሰች።

"እወደዋለሁ አምኃ" አለች ከዚያ። "ግን እኔም አሮጊት ነኝ። እንዲህ ከቀጠለ ቀድሜው መሞቴ ነው።"

አምኃ ፊቷን ሲያየው የራሱን ድካም ያየ መሰለው። ያዘጋጀውን መከራከሪያ ትቶ፣ ለአባትሽ አብረን እንንገራቸው አላት።

አባባ ቴዎፍሎስ ሲነገራቸው አልጮኹም። አንድ ነገር ብቻ ለመኑ፤ ለሃሊና ሳይሆን ለአምኃ። "እሺ፣ እሄዳለሁ። ግን ስታደርሰኝ ማንም በእኔ ላይ አይጨባበጥ። ቃልህን ስጠኝ።" አምኃ ቃሉን ሰጠ።

የዕለቱ ዕለት እረፍት ጠይቆ ዌሪቢ ድረስ አብሯቸው ሄደ። ተሽከርካሪ ወንበራቸውን ራሱ ገፋ። የነርሲንግ ሆሙ ኃላፊ እጇን ስትዘረጋ፣ ሃሊና አስቀድሞ የተነገራት ነውና ቦርሳዋን አቅፋ በራሷ ብቻ ሰላም አለቻት። ደህና አለፈ። ከዚያ ግን ከኮሪደሩ ወዲያ "ጋሼ አምኃ!" የሚል ድምፅ መጣ። ቀነዓ ነው። ሜልቦርን በመጣ ሰሞን አምኃ ቤቱ ያሳደረው፣ መንጃ ፈቃድ እስኪያወጣ ያለማመደው ቀነዓ፣ እዚህ ተቀጥሮ ኖሯል። የነርሲንግ ሆሙን ልብስ ለብሶ፣ ትከሻውን አዘንብሎ፣ እጁን ዘርግቶ መጣ።

አምኃ የወንበሩን እጀታ በሁለት እጁ አጥብቆ ያዘ። አንገቱን ብቻ ሰበር አደረገ። የቀነዓ እጅ አየር ላይ ቀረ፤ ፊቱ ሲጠቁር ታየ። የሰው እጅ ሲዘረጋለት ንቆ መተው! አምኃ በዕድሜው እንዲህ ያለ ነውር ሠርቶ አያውቅም፤ ላብ አጠመቀው። አባባ ቴዎፍሎስ ግን አንገታቸውን አዙረው ሁሉን ሲያዩ ነበር። ፎቅ ላይ ያለው ክፍላቸው እንደገቡ እጁን ፈልገው ያዙት።

"ቃልህን ጠበቅህ" አሉት። እንቅልፍ እንደመጣበት ሰው ፊታቸው ላላ። አምኃም ደጋግሞ እንደሚጠይቃቸው ነግሯቸው ወጣ።

መኪናው ጋ ሲደርስ ቀነዓ ከኋላው ሮጦ ደረሰበት፤ ፊቱ እንደተከፋ ነው። "ምን በድዬዎት ነው ጋሼ?" አለው። አምኃ አላስቻለውም። የወንድም ልጅ የሚያህለውን ሰው አስቀይሞ እንዴት አድርጎ ቤቱ ይገባል? ነገሩን ባጭሩ አስረዳውና፣ አሁንማ ውጭ ነን ብሎ እጁን ዘረጋ። ተጨባበጡ። ትከሻ ተጋጩ፣ እንደገና ተጋጩ። ቀነዓ ሳቀ፣ አምኃም ሳቀ። ቀኑን ሙሉ የተሸከመው ነገር ከላዩ የወረደለት መሰለው።

"እንዲያውም ቀና ይበሉ ጋሼ" አለ ቀነዓ፣ እጁን ሳይለቅ። "ሽማግሌው እንዲሰናበቱዎት ብዬ ወንበራቸውን መስኮቱ ጋ አስጠግቼላቸው ነው የወጣሁት።"

አምኃ ቀና አለ። አባባ ቴዎፍሎስ ከመስታወቱ ኋላ ተቀምጠዋል፤ ቁልቁል ወደ እነሱ ያያሉ። አንድ እጁ ገና ቀነዓ እጅ ውስጥ ስለነበር በሌላው አውለበለበላቸው። እሳቸው አላውለበለቡም። የወንበራቸውን ብረት በሁለት እጃቸው ጨምድደው ይዘዋል።